ሻምበልና ሁለቱ አጉራሾቹ

ጎፋ ሰፈር ውስጥ የማንንም ጾም ሳይጾም የሁሉንም ፍስክ የሚበላ አንድ ነዋሪ ነበር። እሱም የልብስ ሰፊው የጋሽ ሙሴ ድመት ሻምበል ነው። ሁዳዴ ሲገባ የሙሴ ቤት ሥጋ ስለማይገባበት፣ ሻምበል መንገዱን ተሻግሮ ሰዒድ ሥጋ ቤት፣ በሩ ላይ ከተሳለችው ጨረቃ ሥር ይቀመጣል። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ሰዒድ ቤት ቀን ቀን ምድጃ ስለማይነድ ሙሴ ዘንድ ተኝቶ ይውልና፣ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ተንጠራርቶ ይነሳል። ከዚያ እንደ ተጠራ እንግዳ ቀስ እያለ ይሻገራል።

«ይሄ ድመት ሁለቱንም የቀን መቁጠሪያ ያውቃል» ትላለች እትዬ ኤሌኒ፣ ከሁለቱ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሴትዮ። «እኔ አንዱንም በቅጡ አላውቅም። ጾም መግባቱን የምሰማው ከሱ ነው።»

የሰፈራችን ወሬ በሙሉ ከእትዬ ኤሌኒ ሱቅ ነው የሚወጣው፤ ስኳርና ሳሙና ምርቃት ናቸው። እኔም ይህን ታሪክ ከእሷ፣ ከሰዒድና ጥቂቱን ከራሱ ከሙሴ ነው የሰማሁት። ከሙሴ ጥቂቱን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ሙሴ ሲሰፋ አፉ ውስጥ ስፒል ይይዛል፤ ሳይሰፋም የያዘ ይመስላል።

ሙሴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሐና ማርያም ቅዳሴ ቆሞ፣ ሜትሩም አብሮት ጸበል ተረጭቶ የተመለሰበት ቀን አለ። ሚስት አላገባም። ለምን እንዳላገባ ሰፈሩ አራት ዓይነት ታሪክ አለው፤ አራቱም ጥሩ ናቸው፣ አንዱም እውነት አይደለም። እውነተኛውን ምክንያት ሰዒድ ብቻ ነው የሚገምተው፦ «ጠይቆ እንቢ ቢባል አይቀየምም ነበር። የሚፈራው እሺ ብላው፣ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር እንዴት እንደሚነግራት ነው።»

ሙሴ ሰውን «በቃ» ማለት አይሆንለትም፤ ይሉኝታው ከቁመቱ ይረዝማል። አንድ ረመዳን የሰዒድ ሚስት የምስር ሳምቡሳ ላከችለት፣ ቃሪያ የበዛበት። ሙሴ ጨጓራ አለበት። እንባው እየወረደ በላና «እንዲህ ያለ ጣዕም!» ብሎ ሳህኑን መለሰ። ከዚያ ወዲህ በየረመዳኑ ሳምቡሳው ይመጣል፤ «ሙሴ ቃሪያ ይወዳል» እየተባለም ቃሪያው በየዓመቱ ይጨመራል። እሱም በየዓመቱ እያለቀሰ ያመሰግናል። ይሄንን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ድመቱን ሊገድለው የነበረው ሌላ አይደለም፣ ይኸው የሳምቡሳ ጠባይ ነው።

ድሮ ሙሴ የጦር ሠራዊት ልብስ ይሰፋ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን የልብስ ስፌቱም ክፍል ተዘጋ። ሌላው ሰው የሚወስደውን ሲወስድ፣ ሙሴ አንድ ጆንያ የካኪ ቁርጥራጭ ተሸክሞ ወጣ። ማንም አልከለከለውም፤ ቁርጥራጭ ማን ይፈልጋል? እቤት ደርሶ ጆንያውን ሲፈታው ከውስጡ ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠ የድመት ግልገል ወጣ። ጥቁር ነው፤ ሁለቱ ትከሻው ላይ ብቻ ማዕረግ የለጠፉለት ይመስል ነጭ ነጭ አለበት።

«ኮሎኔል በለው» አለው ሰዒድ ያን ጊዜ።

«ሻምበል ይበቃዋል» አለ ሙሴ። በዚያ ሰሞን ከሻምበል በላይ ያለ ማዕረግ ለጤና አይበጅም ነበር።

ሻምበል በዚያው ጆንያ ላይ ተኝቶ አደገ። ሙሴም ጆንያውን ከስፌት መኪናው ጎን፣ ከጥጉ አላነሳውም። የልብስ ስፌቱ ክፍል እንደገና ይከፈታል፣ የድሮዎቹን ሰፊዎች ይጠራሉ የሚል ወሬ ስለነበረ፣ ለናሙና ይሆናል ብሎ ነው ያስቀመጠው። ወሬውን ያወራችው እትዬ ኤሌኒ ናት። ከወር በኋላ ራሷ ረሳችው፤ ሙሴ ግን አልረሳም። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና የሰርግ ሱፍ ሲሰፋ፣ ጆንያው እዚያው ነበር። ማታ ማታ መኪናው ሲቆም እሱና ሻምበል ያችን ጥግ ይዘው ሬዲዮ ይሰማሉ። ሌላ ቤተሰብ የለውም።

በ1988 ዓ.ም.፣ ረመዳኑ ሊያልቅ ሲል ሻምበል ማከክ ጀመረ። መጀመሪያ ጆሮውን፣ ቀጥሎ አንገቱን፣ ከዚያ ጀርባውን። ጸጉሩ ተነቅሎ ቆዳው ቀላ፣ ቆሰለ። ሱፍ ሊለካ የመጣ ሙሽራ ድመቱን አይቶ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ላምባ ቀባው» አለች እትዬ ኤሌኒ።

«ላምባማ አይሆንም።»

«እኛ ልጆች ሆነን በላምባ አይደል እንዴ ቅማል የተራገፈልን?»

«ለዚያ ነዋ!» አለ ሰዒድ ከማዶ። «እኔ ምን ሆና ነው እል ነበር።»

ሙሴ ድመቱን በዘንቢል ከትቶ፣ በነጠላ ሸፍኖ ሚኒባስ ተሳፈረ። መንገድ ላይ ዘንቢሉ ሲነቃነቅ ረዳቱ «ጋሼ፣ ዶሮ ነው?» አለው።

«ሻምበል ነው» አለ ሙሴ። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ሙሴ እስኪወርድ ድረስ አልተነፈሰም ይባላል።

የከብት ክሊኒኩ ግቢ ከፉሪ የመጡ በጎች፣ አንድ የሚያነክስ በሬና ባለቤቱን ጭምር የምትነክስ በቅሎ ነበሩበት። ሐኪሙ ዶክተር ሂርጳ የሚባል ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ነው። ዘንቢሉን ሲገልጠው ፈገግ አለ።

«እዚህ ሰፈር ሰው ድመቱ ሲታመምበት ሌላ ድመት ይፈልጋል እንጂ ሐኪም አይፈልግም፣ አባባ። እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።»

ጸጉሩን ገልጦ አየ። ልቡንም በማዳመጫ ሰማ፤ ደህና ነው አለ። «ቁንጫ ነው። ሲነክሰው ቆዳው ከመጠን በላይ ይቆጣል። ቁጣውን የሚያበርድ ክኒን እሰጥዎታለሁ። ፕሬድኒሶሎን ይባላል። በቀን ግማሽ ይስጡት። ዋናው ግን ቁንጫው ነው። የሚተኛበትን ጨርቅ ሁሉ ያቃጥሉት ወይም በፈላ ውሃ ያጥቡት፤ ያ ካልጠፋ ክኒኑ ለጊዜው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያምጡልኝ፣ አይቼው ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን። ይሄ ዝም ብሎ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም።»

ሙሴ ከዚህ ሁሉ ውስጥ «በቀን ግማሽ» የሚለውን ሰማ። «ያቃጥሉት» የሚለውንም ሰምቶታል፤ ግን ጆንያው ትዝ ሲለው ያልሰማ መሆንን መረጠ።

ረመዳን ወጥቶ ሁዳዴ ወዲያው ነበር የገባው። አሁን ክኒኑ እንዴት ይዋጥ? ሙሴ ግማሿን ክኒን በሽሮ ለወሰላት። ሻምበል ሽሮውን ልሶ ክኒኗን መሬት ላይ ተፋት። በሱፍ ፍትፍት ሞከረ፤ ሻምበል አሽትቶ ዞር አለ። በሁዳዴ ሥጋ በእጁ ነክቶ ቤቱ ማስገባት ደግሞ ለሙሴ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ክኒኖቹን ይዞ መንገዱን ተሻገረ።

«ሰዒድ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።»

«ሱሪ ልታሳጥርልኝ ካልሆነ አስቸግረኝ።»

«ይሄን ግማሽ ግማሽ እያደረግህ በሥጋ ጠቅልለህ ለሻምበል…»

«እስከ መቼ?»

«ጾሙ…» አለ ሙሴ፤ ቀሪውን ዋጠው። «ጾሙ ሲፈታ በቃህ» ማለት ፈልጎ ነበር። ግን እንዲያ ቢል «ለጾም ጊዜ ብቻ ነው የምፈልግህ» ያለው መሰለው። በዚያ ላይ ፋሲካ ሲመጣ ሙሴ የሚገዛው የክርስቲያን ሥጋ ነው፣ የሰዒድ ቢላዋ የባረከውን አይበላም። ሰዒድም የሱን አይበላም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ ሠላሳ ዓመት ሲጎራበቱ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ስለዚህ ሙሴ «እንግዲህ እያየን» ብሎ ተመለሰ።

ሰዒድ የተሰጠውን አደራ እንደ ዱዓ ያዘው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሻምበል ጨረቃዋ ሥር ይጠብቀዋል። ከሥጋው ትንሽ ቁራጭ መርጦ፣ ክኒኗን ሸጉጦ «ቢስሚላህ» ብሎ ያጎርሰዋል።

«ድመቱን አሰለምከው» ትላለች እትዬ ኤሌኒ።

«በፋሲካ ይመለሳል» ይላል ሰዒድ።

ማከኩ በሳምንቱ ቆመ። ቁስሉ ደርቆ ጸጉሩ በቀለ። ሙሴም ድመቱ ስለዳነ ወደ ክሊኒኩ የሚመለስበት ምክንያት አልታየው አለ፤ ዶክተሩንስ በደህና ድመት ለምን ያስቸግረዋል? ጆንያውም ከጥጉ ሳይነሳ ቀረ።

ፋሲካ ደረሰ። ሙሴ ከሦስት ሰው ጋር የቅርጫ ሥጋ ገባና ድርሻውን ቤቱ አመጣ። ክኒን አዲስ ገዝቶ በራሱ እጅ፣ በራሱ ሥጋ ለሻምበል አጎረሰ። ደስ አለው። ለሰዒድ ግን «ከእንግዲህ ተው» ማለት ነበረበት። አንድ ጠዋት ይህንኑ ሊነግረው ተሻገረ።

«ሰዒድ…»

«አቤት።»

«…ሰማዩ ዛሬ ጠቁሯል አይደል?»

«ጠቁሯል» አለ ሰዒድ ሽቅብ አይቶ።

ሙሴ ተመለሰ። ሰዒድ ራሱ ይገባዋል፣ ጾሙ እንደተፈታ ያያል፣ ይተወዋል ብሎ ተጽናና። ሰዒድ በበኩሉ ጾሙ መፈታቱን አይቷል። ግን «ድመትህን ከእንግዲህ ራስህ አብላ» የሚል መስሎ እንዳይታይ ፈራ፤ ሙሴም ተው አላለውም። ክኒኑ ሲያልቅበት እንዲያውም ባዶውን የክኒን ማሸጊያ ይዞ ፋርማሲ ሄደና በራሱ ገዛ። ሙሴን እንዳያሳፍር ብሎ አልነገረውም። እንዲህ አድርገው ሁለት ጨዋ ሰዎች አንድ ድመት ሁለት ጊዜ ያክሙት ጀመር፤ አንዱ በመስቀል፣ አንዱ በጨረቃ። ሻምበል ደግሞ ጠዋት ሰዒድ ዘንድ ውጦ፣ ቀትር ላይ ሙሴ ዘንድ ሲውጥ ለማንም አልተናገረም።

ሻምበል ወፈረ። ለውፍረቱ ሰፈሩ በሙሉ አጨበጨበ። ፊቱ ሞላ፣ ሆዱ ተንጠለጠለ። የሚበላው አይበቃው፣ ውሃ ደግሞ ራዲያተሩ እንደሚያፈስ ሚኒባስ ይጠጣል፤ የሙሴን የብረት መተኮሻ ውሃ ሳይቀር ከጣሳው ጨረሰበት።

«ምን እያበላህ ነው?» አለች እትዬ ኤሌኒ። «ያቺን ክኒን ለኔም አምጣልኝ እስኪ፣ ጉንጬ ገብቷል።»

«አንቺ ምላስሽ ብቻውን ይበቃሻል» አላት ሰዒድ።

«ምቀኛ! ድመቱ ሻምበል ነው ሲባል አሁን ሻለቃ አክሏል።»

ሁሉም ሳቀ። ግንቦት ሲጋመስ ሻምበል መኪናው ላይ መዝለል ተወ። ድሮ ሙሴ ሲሰፋ ዘሎ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ክሩን በዓይኑ ይከታተላል። አሁን ከታች ሆኖ ሽቅብ ያይና ይተወዋል። «ጠገበ፣ ከበረ» ተባለ። ከዚያ አልጋ ሥር መግባት ጀመረ። አሁንም ሰፈሩ ትርጉም አላጣም፤ «ኩራት ነው» አለ።

አንድ ከሰዓት ሙሴ የሱሪ ጉልበት እየጠቀመ ሳለ ዓይኑ ሻምበል ላይ አረፈ። ድመቱ ጆንያው ላይ ተኝቷል፤ እንቅልፍ ወስዶታል። ሆዱ ግን አልተኛም። ፔዳሉን ጠበቅ አድርገው ሲረግጡት መርፌው እንደሚወርድ እንደሚወጣ፣ እንዲያ ነው የሚመታው። ሙሴ እግሩን ከፔዳሉ አነሳ። መኪናው ቆመ። የሻምበል ሆድ አልቆመም። ጠጋ ብሎ ሲያየው የፊት እግሮቹን ከደረቱ አርቆ፣ አንገቱን ዘርግቶ ነው የተኛው፤ አየር እየለመነ ያለ ይመስላል።

ሙሴ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። ዘንቢሉን አነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ከማዶ ሰዒድ አየው።

«የት ነው?»

«ሻምበል ትንፋሽ አጠረው።»

ሰዒድ ሽርጡን ሳይፈታ፣ ሱቁን ለእትዬ ኤሌኒ በዓይኑ አደራ ብሎ ተከተለው። በሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ምንም አልጠየቀም፤ የሁለቱን ፊት አይቷል።

ዶክተር ሂርጳ ድመቱን ሲያየው ፈገግታው ጠፋ። የበጎቹን ወረፋ አስቁሞ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አኖረ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«የጋሪ ፈረስ ሲጋልብ ሰምታችኋል? የዚህ ልብ እንዲያ ነው የሚመታው፤ በሁለቱ ምት ላይ ሦስተኛ ጨምሯል። ሳንባው ውስጥ ውሃ አለ።» ወዲያው መርፌ ወጋው። «ይሄ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ነው። ከዚህ በኋላ ዝም ብለን ማየት ነው። አያንገላቱት፣ አይንኩት።» ሻምበልን ካርቶን ውስጥ ጸጥ ያለ ጥግ ላይ አስቀመጠውና ወደ ሙሴ ዞረ። «ክኒኑን እስከ መቼ ሰጡት?»

«እ… እስካሁን» አለ ሙሴ።

«በቀን ግማሽ?»

«ግማሽ ብቻ።»

ሰዒድ ሳቅ ብሎ «የለም፣ እኔ ነኝ እንጂ የምሰጠው» አለ፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

ሁለቱ ተያዩ። ግቢው ውስጥ አንድ በግ አለቀሰ።

«አንተ ትሰጠዋለህ?» አለ ሙሴ።

«አንተ ነህ የሰጠኸኝ! ተው ብለኸኛል?»

«ፋሲካ አልፎ የለም?»

«አየሁ ፋሲካ ማለፉን፣ የዓይን ችግር የለብኝም! ተው ትለኛለህ ብዬ ስጠብቅ፣ አንተ መጥተህ ስለ ደመና ታወራኛለህ!»

ሙሴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ዶክተር ሂርጳ ሁለቱንም በየተራ አያቸውና ነገሩ ገባው። አልተቆጣም።

«ስሙኝ፣ አባቶቼ። ይሄ መድኃኒት ጥሩ መድኃኒት ነው፣ የሚያሳክከውን ያቆማል። ግን በደም ውስጥ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስኳሩ ደግሞ ውሃን ከሰውነቱ ወደ ደሙ ይስባል። ደሙ ይበዛል። ጤነኛ ልብ ይችለዋል። አንዳንድ ድመት ግን ማንም ሳያውቅ፣ ባለቤቱም ሐኪሙም ሳያውቁ፣ የልቡ ግድግዳ የወፈረ ነው። በማዳመጫ አይሰማም። እኔም በመጀመሪያው ቀን አልሰማሁትም። የልቡን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ደግሞ እዚህ የለኝም።»

ሙሴ ቀና አለ። «ገበሩ ወፍሮ እጅጌው እንደ ጠበበበት ኮት።»

«ልክ እንደዚያ። ከውጭ ሲያዩት ሰፊ ነው፤ ከውስጥ ክንድ አያስገባም። በዚያ ጠባብ ውስጥ የበዛ ደም ሲመጣ ወደ ኋላ ይመለስና ሳንባ ላይ ይፈስሳል።»

«እኛ ነን እንግዲህ» አለ ሰዒድ በዝግታ።

«እጥፍ መሆኑ አፍጥኖታል። ግን እንዲህ ያለ ልብ ካለው በግማሿም ሊደርስበት ይችል ነበር። ይሄን ቀድሜ አለመንገሬ የእኔ ጥፋት ነው። በሁለት ሳምንቱ ብትመጡልኝ ግን ቀንሼው ነበር።» ከዚያ ጨመረ። «አንድ ደግ ነገር አለ። ልቡ የታወከው በመድኃኒቱ ምክንያት ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሲወጣለት አንዳንዱ ይመለሳል። ሁሉም አይደለም። አንዳንዱ።»

ሙሴ ካርቶኑን አይቶ «አሁኑኑ አቁመዋለሁ» አለ።

«አሁኑኑ አይሆንም። ይህን ያህል የወሰደ ሰውነት የራሱን መሥራት ረስቷል፤ በአንዴ ቢቆምበት ይወድቃል። እንዴት እየቀነሱ እንደሚወርዱ እነግርዎታለሁ። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ክኒንም እሰጥዎታለሁ፤ እሱ ግን ይቀጥላል። እና አባባ፣ የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን። አንድ እጅ!» ከዚያ ሊጠይቅ የፈራውን ጠየቀ። «ቁንጫውስ? የሚተኛበትን አቃጠሉት?»

ሙሴ የዘንቢሉን ነጠላ ማጣጠፍ ጀመረ። ሰዒድ ስለ ጆንያው ያውቃል። ዞር ብሎ በጎቹን ማየት ጀመረ።

ወደ ማታ የሻምበል ትንፋሽ ረገብ አለ። ካርቶኑን በሽንት አጥለቅልቆት ተገኘና ዶክተሩ «እሰይ!» አለ። ለድመት ሽንት እንዲህ የተደሰተ ሐኪም አይተው አያውቁም፤ ሁለቱም አብረው «እሰይ» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ሙሴ ጆንያውን ወደ ጓሮ አወጣው። እትዬ ኤሌኒ በአጥሩ ቀዳዳ ያየችውን ነው የምነግራችሁ። መጀመሪያ ቆሞ አየው። ከዚያ ተቀምጦ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር። ይሄ የኮሌታ ነው፣ ይሄ የኪስ ክዳን ነው፣ ይሄ የትከሻ ነው እያለ ለራሱ ያወራ ነበር። ሰዒድ መጣ፤ ላምባና ክብሪት ይዟል። አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ይጠሩኛል ብዬ ነበር» አለ ሙሴ።

«አውቃለሁ።»

«አይጠሩኝም።»

«አይጠሩህም፣ ወንድሜ።»

ሙሴ ከቁርጥራጩ ሁሉ ሻል ያሉትን ጥቂት የትከሻ ጨርቆች ለይቶ በፈላ ውሃ ዘፈቀ። የቀረውን ከነጆንያው አነደደው። የካኪ ጭስ መጥፎ ይሸታል። እትዬ ኤሌኒ እያሳላት እንኳ ከአጥሩ ዓይኗን አላነሳችም።

ክኒኑ ቀስ በቀስ ወርዶ ሲያልቅ ማከኩ ትንሽ ተመለሰ። እንደ ድሮው አይደለም፤ ቁንጫው አልቋል። ቢሆንም ሻምበል አንዳንድ ቀን አንገቱን ይቦጫጭራል። ሙሴ ካፈላቸው ጨርቆች ወገቡን የማያጠብቅ፣ አንገቱን የሚሸፍን ስስ ሰደርያ ሰፋለት። እጁን ሊከለክል ቢሞክርም አልሆነለትም፣ ትከሻው ላይ አንዲት ቁልፍ ጨመረ። ሻምበል ለብሶ ሲወጣ ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰዒድ ግን እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠው።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ውፍረቱ ረገፈ፣ ፊቱ ወደ ራሱ ተመለሰ። እሱ ሲተኛ ትንፋሹም አብሮት ተኛ። መኪናው ላይ ባንድ ዝላይ አይወጣም፤ መጀመሪያ በርጩማው ላይ፣ ከዚያ አረፍ ብሎ ጠረጴዛው ላይ። ዶክተር ሂርጳ ሁሉን ሰምቶ «ልቡ ያው የወፈረ ልብ ነው፣ አትርሱት። ግን ጋሪው ቆሟል» አላቸው። የሽንቱ ክኒን ብቻ በትንሹ ቀጠለ።

የሰኔን ጾም ሙሴ ለቄሶቹ ትቶላቸው ነበር። ፍልሰታ ሲገባ ግን የሽንቱን ክኒን ይዞ መንገዱን ተሻገረ። እትዬ ኤሌኒ ሚዛኗን አቆመች።

«ሰዒድ» አለ ሙሴ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ጾም ገብቷል። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው። እኔ አልሰጥም።»

«እሺ።»

«ጾሙ ሲፈታ ደግሞ…» ሙሴ አንዴ ዋጠ። ሰዒድ አልረዳውም። «ሲፈታ እኔ ነኝ። አንተ ታቆማለህ። ሥጋህን ጠልቼ አይደለም።»

«ምን አጠፋሁ ብዬ ልቀየም?» አለ ሰዒድ። «ይኸው ተናገርከው፤ ሰማይም አልወደቀ።»

ሙሴ ሊሄድ ዞረና ተመለሰ። የጀመረውን ድፍረት ሊጨርሰው የፈለገ ይመስላል።

«ሌላም አለ። ሳምቡሳው።»

«ምን ሆነ ሳምቡሳው?»

«ቃሪያ ያቃጥለኛል። ጨጓራ አለብኝ።»

ሰዒድ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወደ ጓዳ ዞሮ ሚስቱን በስሟ ተጣራ። እስክትመጣ ድረስ ሙሴ እዚያው ቆመ፤ አልሸሸም። ሻምበል በበኩሉ ሰደርያውን እንደለበሰ ጨረቃዋ ሥር ተቀምጦ፣ መጀመሪያ ክኒኑን የያዘውን እጅ፣ ከዚያ ሥጋውን የያዘውን እጅ ያይ ነበር።